ሐያሲው ያላየው አምባ
በወግዲ ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለፊልም ወዳጆች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



አንድ አዲስ የልዕለ ጀግና ፊልም ሲወጣ እኛ ዘንድ ከፊልሙ ቀድሞ የሚደርሰው ነጥቡ ነው። በቴሌግራም ከሚለቀቀው ፖስተር ሥር «96 በመቶ» ወይም «30 በመቶ» የሚል ቁጥር ሰፍሮ እናያለን። ፊልም መጫኛ ቤት ስንሄድም ልጁ «ይሄ ነጥቡ ከፍ ያለ ነው፣ ውሰደው» ይለናል። ፍላሹ ላይ የቀረው ቦታ ለአንድ ፊልም ብቻ ሲሆን፣ የዳታው ጥቅል ሊያልቅ ሲል፣ መብራት መቼ እንደሚጠፋ በማይታወቅ ምሽት፣ ያ ቁጥር ይወስንልናል። ቁጥሩን የሰጡት በአብዛኛው አሜሪካና እንግሊዝ የተቀመጡ ሐያስያን ናቸው። ወግዲን አያውቋትም፤ እኛም እነሱን በስም አናውቃቸውም። ታዲያ ምን ያህል እንመናቸው?

ጥያቄው የልጆች ጨዋታ የሚመስለው ሰው ይኖራል። ለእኔ አይደለም። ወጣቶቻችን ስለ ጀግንነት፣ ስለ ፍትሕ፣ ኃይል ያለው ሰው ለደካማው ምን ዕዳ እንዳለበት ከሚያስቡባቸው ቦታዎች አንዱ ዛሬ ይህ ዓይነቱ ፊልም ነው። «አቬንጀርስ፦ ኤንድጌም» የተባለው እ.ኤ.አ. በ2019 ወጥቶ ብቻውን ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ባትማንንና አይረን ማንን በመልክ የማያውቅ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዛሬ ማግኘት ይከብዳል። ይህን ያህል ወደ ልጆቻችን ልብ የገባ ነገር በማን ሚዛን እየተመዘነ እንደሚመጣልን ማወቅ ይገባናል።

ከቁጥሩ ልጀምር። በብዛት የሚጠቀሰው ሮተን ቶማቶስ የሚባለው ድርጅት የሚያወጣው ነው። ሴን ዱዎንግ የተባለ የጃኪ ቻን ፊልሞች አፍቃሪ እ.ኤ.አ. በ1998 የመሠረተው፣ ስለ አንድ ፊልም የተጻፉ ሒሶችን በአንድ ቦታ ለመሰብሰብ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው። አሠራሩን ግን ብዙ ሰው በተሳሳተ መንገድ ነው የሚረዳው። «90 በመቶ» ማለት ፊልሙ ከመቶ ዘጠና አገኘ ማለት አይደለም። ከመቶ ሐያስያን ዘጠናው በአመዛኙ ወደዱት ማለት ነው። አንዱ «በዕድሜዬ ያየሁት ምርጥ ፊልም» ብሎ ቢጽፍ፣ ሌላው «ብዙም አይደል፣ ግን ይታያል» ብሎ ቢጽፍ፣ ሁለቱም እኩል አንድ አንድ የድጋፍ ድምፅ ሆነው ይቆጠራሉ። ደጋፊዎቹ 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆኑ ፊልሙ «ትኩስ»፣ ካነሱ ደግሞ «የበሰበሰ» ይባላል።

አሥር ሐያስያንን አስቡ። አንዱን ፊልም አሥሩም ከ10 ስድስት ስድስት ሰጡት፤ ሁሉም «ይታያል» አሉ። ነጥቡ 100 በመቶ ይሆናል። ሌላውን ፊልም አምስቱ ከ10 አሥር ሰጡት፣ አምስቱ አራት ሰጡት። ነጥቡ 50 በመቶ ነው፤ በስብሷል። አማካዩን ብታሰሉት ግን የመጀመሪያው 6፣ የበሰበሰው 7 ነው። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው «ስፓይደር-ማን፦ ሆምካሚንግ» በሮተን ቶማቶስ 92 በመቶ ገደማ አለው። ሜታክሪቲክ የተባለው ሌላው ድርጅት ደግሞ ሐያስያኑ የሰጡትን ውጤት በአማካይ አስልቶ ለዚያው ፊልም 73 ሰጥቶታል። በፊልሙ አሠራር ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለየው የተጠየቀው ጥያቄ ነው።

ይህ የአቆጣጠር ልማድ በልዕለ ጀግና ፊልም ላይ የተለየ ጉዳት አለው። እነዚህ ፊልሞች ለአንዱ እስከ 200 ሚሊዮን ዶላርና ከዚያም በላይ ይወጣባቸዋል። ይህን ያህል ያወጣ ስቱዲዮ ማንንም ማስቀየም አይፈልግም። ቀልዱ በልክ፣ ድብድቡ በልክ፣ ኀዘኑም በልክ ይሆናል። የሚጠላው ሰው የሌለ ፊልም ደግሞ በድጋፍ ድምፅ ሲቆጠር ከፍ ብሎ ይወጣል። ደፍሮ አዲስ መንገድ የሚሞክረው ግን ሐያስያኑን ለሁለት ይከፍላቸዋል፣ ነጥቡም ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን «ጆከር» ውሰዱ። በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ከፍተኛውን ሽልማት፣ ወርቃማውን አንበሳ አገኘ። ዋኪን ፊኒክስ በዚሁ ፊልም ኦስካር ወሰደ። የሐያስያኑ ድጋፍ ግን 70 በመቶ እንኳ አልሞላም። ግማሹ ሐያሲ የተናደደበት፣ ግማሹ የተደነቀበት ፊልም፣ ብዙ ጊዜ እኔ ማየት የምፈልገው ያንን ነው። በቁጥሩ ብቻ የሚሄድ ሰው አልፎት ይሄዳል።

ቁጥሩ መቼ እንደተነበበም ለውጥ ያመጣል። «ወንደር ውመን 1984» እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ሊወጣ ሲል፣ ቀድመው ያዩት ሐያስያን ሒሳቸውን ሲለቁ ነጥቡ ከ80 በመቶ በላይ ነበር። ፊልሙ ወጥቶ ሌሎቹም ጽፈው ሲጨርሱ ወደ 60 በመቶ አካባቢ ወረደ። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ግን ቴሌግራም ላይ እንደተለጠፈ ይቀራል። ማንም ተመልሶ አያርመውም።

ሐያስያኑ የሚጽፉት ተከፍሏቸው ነው የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 «ሱዊሳይድ ስኳድ» ዝቅተኛ ነጥብ ሲያገኝ፣ የዲሲ ኩባንያ ፊልሞች አፍቃሪዎች ሮተን ቶማቶስ ይዘጋ የሚል ፊርማ አሰባስበው ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 «ዘ ዳርክ ናይት ራይዝስ» ሲወጣ፣ ፊልሙን የነቀፉ ሐያስያን ላይ ዛቻ ስለበዛ ድርጅቱ በዚያ ፊልም ላይ አስተያየት መቀበሉን ለማቆም ተገድዷል። ሐያስያን ሁሉ ለዲሲ ተፎካካሪ ለማርቭል ይሠራሉ የሚለውን ክስ እኔ አልቀበለውም፤ የማርቭል የሆነው «ኢተርናልስ» ራሱ በእነዚሁ ሐያስያን እጅ ከ50 በመቶ በታች ወድቋል። ማታለል ግን ፈጽሞ የለም አልልም። ሶኒ ፒክቸርስ ዴቪድ ማኒንግ የሚባል በዓለም ላይ የሌለ ሐያሲ ፈጥሮ በማስታወቂያዎቹ ላይ ፊልሞቹን ሲያስመሰግን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2001 ተጋልጧል። ስለዚህ ከፖስተር ላይ የተነበበ ሙገሳ ሒስ ነው ብላችሁ አትቀበሉ።

የተመልካቹ ነጥብስ? ብዙ ወጣት «እኔ የሐያሲውን ትቼ የሕዝቡን ነው የማየው» ይላል። እሱም የራሱ ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 «ካፕቴን ማርቭል» ገና ለእይታ ሳይበቃ፣ በዋና ተዋናይቷ የተናደዱ ሰዎች ተሰባስበው አስቀድመው አጣጣሉት። ሮተን ቶማቶስም ከዚያ ወዲህ ትኬት መግዛቱ የተረጋገጠ ተመልካች የሚሰጠውን ድምፅ ለይቶ ማሳየት ጀመረ። ገቢውም ቢሆን ዳኛ አይሆንም። «ቬነም» እ.ኤ.አ. በ2018 የሐያስያኑን ድጋፍ 30 በመቶ ብቻ ይዞ ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። ሰው ፊልሙን አይቶ እየሳቀ ወጥቷል፤ ያ ሳቅ እውነት ነው፣ አላቃልለውም። ታሪኩ ግን ሐያስያኑ እንዳሉት የተዝረከረከ ነበር። ሰው የሚዝናናበትና በደንብ የተሠራ ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ከዚህ የተረፈኝ አንድ ልማድ አለ፦ ቁጥሩ ከ20 በመቶ በታች ሲሆን አምነዋለሁ። የተለያየ ጣዕም ያላቸው ሰዎች ሁሉ «አልሠራም» ካሉ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ጣዕም ሳይሆን ሥራው ነውና። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ሞርቢየስ» እንዲህ ያለ ነበር። ከዚያ በላይ ያለው ቁጥር ግን ጽሑፉን ካላነበብኩ ብዙ አይነግረኝም።

ጽሑፉ ነው ዋናው። ይህን የምለው ለወሎ ሰው እንግዳ በሆነ ቋንቋ አይደለም። ዋድላ በእኛው በወሎ፣ ዋሸራ ከዓባይ ማዶ በጎጃም፣ ሒስ ከፊልም በፊት ለዘመናት የኖረባቸው የቅኔ ቤቶች ናቸው። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ «ይበል» ካለ አለፈ። ካላለ ግን ዝም ብሎ አይሰድደውም፤ ሰሙና ወርቁ የት ላይ እንዳልተጋጠሙ፣ ቤቱ የት እንደጎደለ፣ ምሥጢሩን ከየት እንደተዋሰ ነግሮ ይነቅፈዋል። ነቀፌታው ምክንያት አለውና ተማሪው በማግስቱ የተሻለ ይዞ ይመጣል። የፊልም ሐያሲም ልናምነው የሚገባው እንዲህ ሲያደርግ ነው። «ድብድቡ ካሜራው ስለሚወዛወዝ ማን ማንን እንደመታ አይታይም» ካለ፣ «ጠላቱ ለምን ክፉ እንደሆነ ፊልሙ አልነገረንም» ካለ፣ «የመጨረሻው ሃያ ደቂቃ ኮምፒውተር የፈጠረው አቧራ ብቻ ነው» ካለ፣ ይህን ዓይናችንን ገልጠን ልናረጋግጠው እንችላለን። የአንድ ሐያሲን ሒስ ደጋግማችሁ አንብቡ፣ ከእናንተ ጋር የት እንደሚስማማ፣ የት እንደሚለያይ እወቁ። ከእናንተ ጋር ሁልጊዜ የማይስማማ ሐያሲ እንኳ፣ አለመስማማቱ የታወቀ ከሆነ፣ ከማታውቋቸው 400 ሰዎች ቁጥር ይልቅ ይጠቅማችኋል።

እስካሁን የተናገርኩት የትም ላለ ተመልካች ይሠራል። አሁን ስለ እኛ ልናገር።

ሐያሲው ያየው ፊልምና እኛ የምናየው ፊልም አንድ ናቸው ወይ? እሱ የሚያየው በሰፊ መጋረጃ፣ ወንበሩን በሚያንቀጠቅጥ ድምፅ፣ በጨለማ አዳራሽ ነው። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ ከዚያ የሚቀርብ ነገር ሊያይ ይችላል። እኛ አብዛኞቻችን የምናየው በስልክ፣ በላፕቶፕ፣ ወይም በዲሽ ከኤምቢሲ 2 የዐረብኛ ጽሑፍ ከሥሩ እየሮጠ ነው። ሐያሲው «ለምስሉ ግርማ ሲባል ብቻ ይታያል» ያለው ፊልም በስልክ ሲታይ የተመሰገነበት ነገር ይጠፋል። «ምስሉ ተራ ነው፣ ንግግሩና ትወናው ግን ልብ ይነካል» የተባለው ደግሞ በትንሽ ስክሪን ላይ ምንም አይጎድልበትም። ሒስ ስታነቡ ፊልሙ የተመሰገነው በየትኛው እንደሆነ መርጣችሁ አንብቡ።

ትርጉም ፊልም ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ብዙ ጊዜ አንድ ተራኪ የሁሉንም ገጸ ባሕርያት ንግግር በአማርኛ ይነግረናል። ጎበዝ ተራኪ ቀልድ ይጨምራል፣ የአገራችንን አነጋገር ያስገባል፣ የደከመን ትዕይንት ያነቃዋል። ደካማው የሳቁን ቦታ ሁሉ ያበላሸዋል። እንግዲህ ያ 92 በመቶ የተሰጠው ለዚህ ሰው ሥራ አይደለም። የምናየው ፊልም እኩሌታው የእሱ ነው፣ ስለ እሱ ግን ማንም ሒስ አልጻፈም። ይህ ያሳስበኛል፤ በየቀኑ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የሚሰሙት የአማርኛ የትረካ ጥበብ ያለ ምስጋናና ያለ ነቀፌታ እያለፈ ነውና።

ከዚህም በላይ የሚከብድ ነገር አለ፤ ስለ እሱ ለመናገር «ብላክ ፓንተር»ን ላንሳ። ሪያን ኩግለር ያዘጋጀው ይህ ፊልም የካቲት 2010 ዓ.ም. ወጣ። ሐያስያኑ 96 በመቶ ደገፉት፣ ሦስት ኦስካር ወሰደ፣ ለምርጥ ፊልም ሽልማት የታጨ የመጀመሪያው የልዕለ ጀግና ፊልምም ሆነ። የፊልሙ ምናባዊ አገር ዋካንዳ ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር ናት። በእኛ በኩል ደግሞ አጼ ምኒልክ ለዐድዋ ጦርነት ሠራዊታቸውን ያስከተቱባት ወረኢሉ በራሳችን ዞን፣ በደቡብ ወሎ ውስጥ ናት። ቅኝ ያልተገዛች አገር የሚለው ነገር ለሎስ አንጀለሱ ሐያሲ ውብ ምናብ ነው፤ ለእኛ አያቶቻችን የነገሩን ታሪክ ነው። ከዚህ ተነስተን ስናየው፣ ፊልሙን ከእሱ ይልቅ ልንወደውም ከእሱ ይልቅ ልንጠይቀውም መብት አለን።

ለምሳሌ ልብሱን። ሩት ካርተር ለዚህ ሥራዋ በአልባሳት ዘርፍ ኦስካር በመውሰድ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆናለች። አረንጓዴ ሱፍ ለብሶ ከንፈሩ ላይ ገል ያደረገውን የወንዝ ጎሣ ሽማግሌ ታስታውሱ ይሆናል፤ የኮት ዲቩዋሩ ተወላጅ ኢሳክ ደ ባንኮሌ ነው የተጫወተው። የገሉ መነሻ በአገራችን ደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት የሙርሲና የሱሪ ሕዝቦች ናቸው። በእነዚህ ሕዝቦች ዘንድ ግን የከንፈር ገል የሴቶች ነው። ፊልሙ ለወንድ አደረገው። ይህ ጥፋት ነው ወይስ ምናባዊ አገር የመፍጠር ነፃነት? እኔ ነፃነት ነው ወደሚለው አደላለሁ፤ የሙርሲ እናት ግን ሌላ ልትል ትችላለች፣ ቃሏም ከእኔ ይከብዳል። ጥያቄውን ለማንሳት የሚቀርበው አገሩን የሚያውቅ ተመልካች ነው።

አሁን ወደ ሙዚየሙ ትዕይንት እንምጣ። የፊልሙ ባላንጣ ኪልሞንገር፣ ማይክል ቢ. ጆርዳን የተጫወተው፣ «የታላቋ ብሪታንያ ሙዚየም» በተባለ አዳራሽ የአፍሪካ ቅርሶች ፊት ቆሞ ባለሙያዋን ይጠይቃታል። እሷ አንዱ ዕቃ ከቤኒን እንደሆነ ትነግረዋለች። እሱ ደግሞ የብሪታንያ ወታደሮች ከቤኒን እንደወሰዱት፣ ዕቃው ግን የዋካንዳ እንደሆነ ይነግራታል፤ አብረውት የመጡት ሰዎችም ይዘውት ይወጣሉ። ገድለው ነው የሚወስዱት፤ በፊልሙ ሕግ እሱ ክፉ ሰው ነው።

ይህን የደቡብ ወሎ ሰው ሲያየው ምን ያስባል? ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ያዘ። አጼ ቴዎድሮስ እጃቸውን ላለመስጠት ራሳቸውን ገደሉ። ከአምባው የተዘረፈው ዘውድ፣ መስቀል፣ ታቦት፣ የብራና መጽሐፍ በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ወረደ። ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ከጦሩ ጋር መጥቶ ነበርና ለሙዚየሙ ብዙ ገዛ። 11 ታቦታት ዛሬም በዚያ ሙዚየም ዕቃ ቤት ለማንም ሳይታዩ ተቀምጠዋል። «ብላክ ፓንተር» ወጥቶ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 2010 ዓ.ም.፣ ሌላው የለንደን ሙዚየም ቪክቶሪያ እና አልበርት የመቅደላን 150ኛ ዓመት አስቦ የተወሰዱትን ዕቃዎች ለእይታ አቀረበ። ዳይሬክተሩም ለኢትዮጵያ በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጡ እንደሚችሉ ተናገሩ። የራስን ንብረት በውሰት! መቅደላ እዚሁ በዞናችን ውስጥ ናት። በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ ያለው ዩኒቨርሲቲያችን የተሰየመው በእሷ ስም ነው።

ፊልሙ የጠራው ቤኒንን ነው፤ መቅደላን የሚጨምርበት ተመልካቹ ነው። ኪልሞንገር ዕቃውን ሲያነሣ ክፉ ሰው መሆኑን እያወቅሁ አንጀቴን አራሰኝ። ወዲያው ደግሞ አንድ ነገር አስቆጣኝ፦ ፊልሙ የተዘረፈው ይመለስ የሚለውን ፍትሐዊ ጥያቄ ለነፍሰ ገዳይ አፍ ሰጥቶ፣ ጥያቄው ሳይመለስ አብሮት እንዲሞት አድርጓል። ለእኔ ይህ የፊልሙ ትልቁ ድክመት ነው። በሌላ በኩል፣ በዓለም ዙሪያ ስንት ሚሊዮን ልጆች ያንን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰሙት ከኪልሞንገር አፍ መሆኑን ሳስብ ፊልሙን አመሰግነዋለሁ። እነዚህን ሁለት ስሜቶች 96 በመቶ የሚለው ቁጥር ሊይዛቸው አይችልም። ሐያስያኑን አልወቅስም፤ እያንዳንዱ የጻፈው ከቆመበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ከፍተኛ ገቢ ስላገኙት 100 ፊልሞች በሮተን ቶማቶስ ላይ ከተሰበሰቡት ሒሶች 78 በመቶ ያህሉን የጻፉት ወንዶች፣ 82 በመቶ ያህሉን ደግሞ ነጮች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ስለ ካሜራና ስለ ትወና የሚሉትን እናምናለን። ከመቅደላ ሥር ሆኖ ማየት ምን እንደሚመስል ግን ከእነሱ መጠበቅ የለብንም።

እና እነማን ይጻፉት? በአማርኛ ስለ ልብ ወለድና ስለ ግጥም የረጅም ጊዜ የሒስ ልማድ አለን። ለአገር ውስጥ ፊልምም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በቀደመው «ጉማ» ፊልም ስም የተሰየመ ሽልማት አለ። የራሳችን ልዕለ ጀግኖችም ተወልደዋል፦ ብሥራት ደበበ የመሠረተው ኢታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛም በእንግሊዝኛም አሳትሟል፤ ጀግናው አማኑኤል ጥላሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ የሚፈልግ የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ኃይል ከማግኘቱ በፊት ያለበትን ጭንቀት ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ በደንብ ታውቁታላችሁ። ጀግናው ካለ፣ ተመልካቹ ካለ፣ የጎደለው ሐያሲው ነው።

ስለዚህ ለመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችና ለየክበቡ አባላት አንድ ሥራ እሰጣለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ የምታዩትን የልዕለ ጀግና ፊልም ነጥቡን ሳታዩ እዩት። ከዚያ አንድ ገጽ ጻፉ። በምን እንዳያችሁት ግለጹ፤ በስልክ ከሆነ በስልክ፣ በትርጉም ከሆነ ተራኪውን በስም ጥሩና ሥራውን መርምሩት፣ ጨመረ ወይስ ቀነሰ። አንድ ትዕይንት ምረጡና እንዴት እንደተሠራ አብራሩ፤ ካሜራው የት እንደቆመ፣ ድምፁ መቼ እንደጠፋ። የፊልሙ ጀግና የሚዋጋለት ፍትሕ እዚህ፣ በእኛ ቀበሌ፣ ፍትሕ ይባል እንደሆነ ጠይቁ። መጨረሻውን ላላየ ሰው አታበላሹበት። ወደድኩት ወይም ጠላሁት ስትሉም ምክንያቱን ሌላው ሰው ፊልሙን ከፍቶ ሊያረጋግጠው በሚችል መልክ አስቀምጡት። ጽሑፉ ሲያልቅ የውጭዎቹን ሐያስያን ሁለት ሦስት ሒስ አንብቡና ከእናንተው ገጽ ጎን አስቀምጧቸው፤ እነሱ ያዩትና እናንተ ያላያችሁት ካለ ተማሩበት፣ እናንተ ያያችሁትና እነሱ ያላዩት ካለ ደግሞ ከሥር አስምሩበትና በክበቡ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።